ሰው በሐይቅ ላይ የሚሄድባት ከተማ

በ1989 ዓ.ም. መምህርት ሰናይት ለስምንተኛ ክፍል የሰጠችው የድርሰት ርእስ ቀላል ነበር፤ አንድ ከተማ አስተዋውቁ። ሁሉም ስለ አርባ ምንጭ ጻፉ፤ ስለ አዞው፣ ስለ ሙዙ፣ ስለ ሲቀላ ገበያ። ኖላዊት ብቻ አሜሪካን ገባች።

«ማዲሰን የዊስኮንሲን ዋና ከተማ ናት። እንደኛ ከተማ በሁለት ሐይቆች መካከል ተቀምጣለች። መሐሏ ላይ ነጭ ጉልላት ያለው የመንግሥት ቤት አለ። በብርዱ ወራት ሐይቁ ስለሚጠጥር ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ በረዶውን ቦርቡሮም ዓሣ ያወጣል። ሲሞቅ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልላቱ ዙሪያ ገበያ ይቆማል።»

ሰናይት ደሟ ፈላ። ባሏ ይፍሩ ለትምህርት ማዲሰን ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። የጻፈላት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ በደረሰ በወሩ፣ በጥር። ሁለቱ ሐይቆች፣ ነጩ ጉልላት፣ በሐይቅ ላይ የሚሄደው ሰው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ደብዳቤውን በክር አስራ ሳጥኗ ውስጥ አኑራዋለች። ለማንም አሳይታ አታውቅም።

ዓርብ ዓርብ ደብተር ተሸክማ ቤቷ ድረስ የምትገባው ደግሞ ኖላዊት ናት።

በተማሪው ሁሉ ፊት አስነሣቻት።

«ይህን ከየት ሰረቅሽው?»

«አልሰረቅሁም፣ ቲቸር። እማዬ እንዳትናገሪ ብላኛለች።»

እናትየውም አለችበት ማለት ነው። ሰናይት በጥፊ አጮለቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አንድ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አደረገች። ያቺ የቅንድብ አነሣሥ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰናይትን ይብስ አበገነቻት።

ዲሬክተሩ አቶ ካሳ ለማብረድ ሞከረ። ለሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ልጅቷም የክፍሉ አንደኛ ናት አለ። ወይ እሷ ወይ እኔ አለችው። ካሳ የኖላዊትን የስንብት ወረቀት ፈረመ።

ማታ ሳጥኗን ከፈተች። ክሩ እሷ እንደቋጠረችው ነው። ደብዳቤውን ፈትታ አነበበች፤ የቅዳሜ ገበያ የሚባል ነገር የለበትም። ሌባም ውሸታምም፣ ከራሷ ጨምራበታለች አለች ለራሷ።

በነጋታው የኖላዊት እናት በሯን አንኳኳች። ሻሺቱ ሲቀላ ገበያ ፈትል የምትሸጥ የዶርዜ ሴት ናት። ግቢ ቢሏት አልገባ አለች።

«እትዬ፣ እኔን እንደፈለጉ ይስደቡኝ። ልጄን ግን ሌባ አይበሏት። አሥራ አራት ዓመት አፌን የያዝኩት ለእርስዎ አዝኜ ነው።»

ከመቀነቷ ሥር አንድ እስር ፖስታ አውጥታ ደፉ ላይ አስቀመጠች።

የላይኛው፣ በይፍሩ እጅ ጽሕፈት፣ «ለልጄ ለኖላዊት» ይላል።