ከምድጃው ፊት የቆመችው ሴት

የወንድሜ የቼዛሪ ጆሮ ቀላ። ሥዕል ሻጩ ሙሴ ግራንዱ እንዳያይበት ቶሎ ብዬ በመሃላቸው ገባሁ። የቼዛሪ ጆሮ ሲቀላ ዋጋ መጨመር እንዳለበት ሰውየው ከተማረ ቆይቷል።

"የጣልያኑን ሠዓሊ ንድፍ ተመልከት" አልኩት በቋንቋችን፣ ፈገግታዬን ሳልቀንስ። "ለሱ አይደል የመጣነው?"

"እትዬ፣ ምድጃውን እዪው።"

"ምድጃ ምን ይሠራልሃል?"

"ከፊቱ የቆመውን ነው የምልሽ!"

አየሁት። ፍም እንዳይፈናጠር ከምድጃው አፍ ላይ የተደገፈ፣ በጥላሸት የጠቆረ ቆርቆሮ ነው። ስድስት ማዕዘን አለው። በየማዕዘኑ ላይ የሚስማር ቀዳዳ። ያን ጊዜ የኔም ጆሮ ሳይቀላ አልቀረም።

ፈረንሳዮች ይህን ነገር አያውቁትም። እኛ ፖላንዶች ገና በቁማችን ፊታችንን በቆርቆሮ ላይ እናስላለን። ሰውየው ሲሞት ሥዕሉ በሬሳ ሣጥኑ ራስጌ ላይ በሚስማር ይመታል፤ ሟቹም በገዛ ቀብሩ ላይ ተገኝቶ ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ያያል። ከዚያ በኋላ ቦታው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። አያታችን ከመስበኪያው አጠገብ ተሰቅላ ነበር። አምፀን በተሸነፍን ጊዜ የሩሲያው ዛር ወታደሮች ርስታችንን ወረሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዘጉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ በጋሪ ጭነው ሄዱ። ቼዛሪ በስደት ሥዕሉንም ማኅተሙንም የሚሰበስበው አንድ ቀን አገራችን ገብቶ ሙዚየም ሊያቆም ነው። ስለ አያታችን ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

"እሷ ናት" አለ።

"ገና ቆርቆሮ ነው። ዝም በል።"

"ክቡር ኮንት፣ ምነው፣ አመመዎት?" አለ ሙሴ ግራንዱ።

"ብርዱ ነው" አልኩ። "ወንድሜ ጆሮውን ይበርደዋል።"

"ታዲያ ወደ ምድጃው ጠጋ ይበሉ እንጂ!"

ቼዛሪ ሁለተኛ እስኪጋበዝ አልጠበቀም። ተንበርክኮ መሐረቡን በምራቁ አራሰና ይጠርግ ጀመር። ከጥላሸቱ ውስጥ አንድ ዓይን ብቅ አለ። ፈጠጠብን። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ነጭ ሻሽ። ወንድሜ እየሳቀ ነው፤ አፍንጫው ግን ይንጠባጠባል።

"አሃ!" አለ ሙሴ ግራንዱ።

አለቀልን።

"ከዋርሶ የሸክላ ዕቃ የመጣበት ሣጥን መክደኛ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ለክቡርነትዎ በንድፉ ዋጋ እሰጥዎታለሁ። ወይ ይሄን፣ ወይ ያንን።"

"የጠቆረ ቆርቆሮ በንድፉ ዋጋ?" ብዬ ጮህኩ።

"እመቤቴ፣ ቆርቆሮው ርካሽ ነው። ያስወደደው የወንድምዎ ጆሮ ነው።"

ያን ንድፍ ቼዛሪ ክረምቱን ሙሉ እየመጣ ሲሳለመው ነበር የከረመው። ዛሬ ገንዘቡ ሞልቶለታል። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ እጅጌውን ያዝኩት።

"መጀመሪያ ከታች ያለውን ጥረግ። የቤተሰቡን ዓርማ።"

ጠረገ። የኛ ዓርማ ቀስት ነው። ከጥላሸቱ ሥር የወጣው ግን መስቀል ያለበት የፈረስ ኮቴ ብረት ነው።

አያታችን አይደለችም። ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተንጣጣ።

"እንግዲያው ንድፉን ልጠቅልል?" አለ ሙሴ ግራንዱ።

የወንድሜ ጆሮ ይገረጣል ብዬ ጠበቅኩ። ይብሱን ቀላ።

"እትዬ፣ ይሄ ዓርማ የማን ነው?"

"የማን ያልሆነ! መቶ ቤተሰብ ይይዘዋል። እነ ዶምብሮቭስኪ፣ እነ ስኩፒንስኪ... እዚህ ካለው ስደተኛ ግማሹ።"

"እኮ! ኮሎኔል ስኩፒንስኪ ዓይኑ ልክ እንዲህ የፈጠጠ አይደለም?"

"የሱ ከመጠጥ ነው።"

"እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ይዘናት እንቆማለን። አንዱ 'አያቴ!' ብሎ መጮኹ አይቀርም። አይታይሽም?" ክንዴን ጨምቆ ይዞኛል። "እትዬ፣ አይታይሽም እንዴ?"

ታየኝ። እጅጌውን ለቀቅኩት።

ስንወጣ ንድፉን ዞር ብሎ አላየውም። እኔ ግን አየሁለት፤ ያምር ነበር። ሙሴ ግራንዱ ምድጃውን የሚከልልበት ሳንቃ ፍለጋ ጓዳ ገብቷል።

ቼዛሪ ሴትየዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ድልድዩን እንደ ጎረምሳ ተያያዘው።

"ቀስ በል! ደግሞስ ፊቷን ወደ ውጭ አዙርላት እንጂ። ፓሪስን መች አይታ ታውቃለች?"

አዞረላት። አላፊ አግዳሚውን አንድ በአንድ እያየች ሄደች። አንድ ባለ ጋሪ ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አነሳላት፤ ቼዛሪም በሷ ፈንታ አጸፋውን መለሰ።

እኔ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ሳላስበው በየሱቁ መስኮት ጎንበስ እያልኩ፣ ከየምድጃው ፊት የቆመውን አያለሁ።