ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ

ጣሊያን ቡሬን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። አስተርጓሚው ዳኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንኩሳ ቡሬ የሚሄደው በካሚዮን ነበር። ገበሬው ከኋላ ከጆንያ ጋር እየተላጋ አቧራ ሲቅም እሱ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ይቀመጣል። መንገደኛ ባየ ቁጥር እጁን ያነሣል፤ ለሰላምታው ሳይሆን የት እንደተቀመጠ እንዲታይለት።

ቡሬ ሲደርስ መጀመሪያ ሲኒማ ነው። ጣሊያኖቹ የአንድ እህል መጋዘን መስኮቶች ደፍነው አንሶላ ሰቅለዋል። ፊልሙ ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንድ ወፍራም ሹም ደረቱን ገልጦ ስንዴ ይወቃል። ዳኘው ከጎን ቆሞ «ይህ የሥልጣኔ አዝመራ ነው» እያለ ይተረጉማል።

«ጌታው» አሉት አንድ ቀን ዘሩ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ፣ «እኝህ ሹም ከጥቅምት ጀምሮ ያቺኑ ነዶ ነው የሚወቁ። እህሉ ጎተራ የሚገባ መቼ ነው?»

ተመልካቹ ሁሉ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። ዳኘው ይህን አልተረጎመም።

ከሲኒማው በኋላ እትዬ አቻምየለሽ ምግብ ቤት ይገባል። የሠለጠነ ሰው ስለሆነ ማካሮኒ በዶሮ ወጥ መረቅ አዝዞ በሹካ ይበላል። ከማካሮኒው እኩሌታው ጉልበቱ ላይ ይቀራል።

«ዛሬስ ደክሞዎታል» ትለዋለች አንድ ቅዳሜ፣ ብርሌውን እየሞላች።

«መኪናው ነው እንጂ። ማክሰኞ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ሦስቱንም ካሚዮን ሽንዲ ይልኳቸዋል። እኔን የሚያህል ሰው በበቅሎ ይሂድ?»

«ምን ጉድ ነው» ትላለች አቻምየለሽ፤ ማካሮኒም ትጨምርለታለች።

ማክሰኞ ዕለት የሽንዲ መንገድ ላይ ሦስቱም ካሚዮን ከነጥይቱ አርበኞች እጅ ገባ። የቡሬው የጣሊያን ጦር አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ ዳኘውን አስጠራው።

«ከመካከላችን ወሬ የሚያወጣ አለ» አለው። «ያን ሰው ያዝልኝ። ገበያው መካከል ያለው ዋርካ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

ዳኘው ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። መሪጌታ ክንፈሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ የቅኔ መምህር በየሳምንቱ ሲኒማ እየመጡ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውንም ከወረቀት አያነሡም። የቅኔ መምህር ሲኒማ ምን ይሠራል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጠገባቸው ሄደ።

«መሪጌታ፣ ምን ይጽፋሉ?»

«የሰማሁትን ነዋ ልጄ። አንተ ስትናገር ብዙ ነገር ይገኛል።»

ዳኘው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ማታውን አልጠበቀም፤ በወታደር አስያዛቸው። ወረቀቱ ሲገለጥ ግን በቀኝ የጣሊያንኛ ቃል፣ በግራ የአማርኛ ፍቺው ተደርድሯል። ለካ መሪጌታ ቋንቋ ሲማሩ ኖሯል። ካፒቴኑ ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው አይቶ አያውቅም ነበርና እየሳቀ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው፤ «ከዛሬ ጀምሮ የዳኘውን ትርጉም እኚህ ይመረምራሉ» አለ።

ዳኘው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እኚህ ሽማግሌ ጣሊያኑንም አታለሉት ብሎ ተቃጠለ፤ ለሚስቱም፣ ለአቻምየለሽም፣ ለሹፌሩም ይህንኑ ነገራቸው።

ረቡዕ ጠዋት ከብር ወንዝ ማዶ አንድ ፈረሰኛ ዘበኞች ሲያዩት ፈረሱን ኮልኩሎ አመለጠ። የታሸገ ደብዳቤ ጥሎ ነበር፤ ደብዳቤው ካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። መኮንኖቹ ተሰበሰቡ። መሪጌታም ብርዕና ወረቀት ይዘው ከዳኘው ጎን ተቀመጡ።

«ጮክ ብለህ አንብብ» አለ ካፒቴኑ። «ለማን እንደተጻፈ እንወቅ።»

ዳኘው ዛሬ የእኚህ ሽማግሌ ጉድ ይወጣል ብሎ ማኅተሙን በገዛ እጁ ሰበረው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ መሪጌታንም በጎን እያየ ንባቡን ጀመረ፦

«ይድረስ ለወንድማችን ለማንኩሳው አስተርጓሚ ለዳኘው፤ ስለ ሽንዲው ካሚዮን እግዜር ይስጥልን፤ የሚመጣውንም ቅዳሜ ወሬ እንደ ወትሮው ከማዕድ ላይ እንጠብቃለን።»