የስንጥቋ ስፋት

«ማስመሪያውን ከግድግዳው ላይ ንቀይልኝ ብያለሁ!» አለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ።

ፎቶ አንሺዋ ከካሜራዋ ቀና አላለችም። «ያለ ማስመሪያ የግድግዳ ስንጥቅ ፎቶ አይነሳም» አለችው። እውነቷን ነው፤ ከጎኑ መለኪያ ካልተደረገ በሌንስ ተጠግተው ያነሱት ጭረት ሁሉ ገደል መስሎ ቁጭ ይላል። ኃላፊው የፈለገውም ገደሉን ነበር። ይህ አሮጌ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕይወት አስጊ ነው ተብሎ እንዲፈርስ፣ ነገ ምክር ቤቱ ፊት የሚዘረጋ ፎቶ ያስፈልገዋል።

እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ዓምዶቹን፣ ባለ ቅስት መስኮቶቹን፣ እየተጠረበ የተገጣጠመውን የእንጨት ጣሪያ ስታነሳ ነው የዋለችው። እናትና አባቷ ተጋብተው የፈረሙት እዚህ ነው። ደህናውን ቤት በቁሙ ሲቀብሩት ማየት አንጀቷን አሳረራት።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ አሉ» አለች። «መሬቱን ፈልገነዋል በሏቸዋ! በምስኪን ግድግዳ ለምን ታሳብባላችሁ?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! እንጀራሽን የምትወጂ ከሆነ የታዘዝሽውን ሥሪ።»

ኃላፊው ማስመሪያው የተለጠፈበትን ፕላስተር ልጦ ማስመሪያውን ወለሉ ላይ ወረወረው። እሷም አላመነታችም፤ መዳፏን ከስንጥቋ አጠገብ ለጠፈች። ካሜራው በመቆሚያው ላይ ነው፤ በሌላ እጇ ካሜራውን ከርቀት የምታዝበትን ማንሻ ይዛለች።

«እጅሽን!»

«እጄ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል? ዞር በይ!»

ወይ ፍንክች! መዳፏን ግድግዳው ላይ ጭራሽ አጥብቃ ተጫነችው። ኃላፊው ትዕግሥቱ አለቀና እጇን ገፍቶ አስለቀቃት፤ ደግማ እንዳትመልሰውም እጇ የነበረበትን ቦታ በራሱ መዳፍ ሸፈነው። «አሁን የት ታደርጊው እንደሆን አያለሁ!»

ማንሻውን ተጫነችው። ካሜራው ቀጭ አለ።

ሁለቱም ወደ ካሜራው ማሳያ መስታወት ጎንበስ አሉ። ሰፊው መዳፍ ከነወርቅ ቀለበቱ ወለል ብሎ ይታያል። ከጎኑ ያለችው ስንጥቅ የቀለበቱን ውፍረት እንኳ አታህልም፤ ከነጠላ የተመዘዘች ክር ትመስላለች።

«አጥፊው!»

«ነገ ምክር ቤቱ ያየዋል።» ካርዱን ከካሜራው አወጣችና በሸሚዟ አንገት አስገብታ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠችው። «ወንድ ከሆኑ ይምጡና ያውጡት!»

ኃላፊው እጁን ሰነዘረ፤ መለሰው። ዙሪያውን ቃኘ፤ ከግድግዳው በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ መቆሚያዋን አጣጥፋ በትልቁ በር ስትወጣ አያት።