የሹሙ ዓይን

ሹሙን በአንድ ዓይን እንደምስለው ለእናቴ ምዬላት ነበር። በእኛ ሙያ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ እንደ ይሁዳ ያለው ክፉ ግን በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሹሙ በሐሰት አስመስክሮ ወንድሜን ሐብተ ጽዮንን አሰቅሎታል። ዓመት ሳይሞላው እኔኑ አስጠራና፣ ለደብሩ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስን እንድስል፣ እሱንም ከቅዱሱ እግር ሥር አንበርክኬ እንድስለው አዘዘኝ።

እናቴ ቀለሙን በገዛ እጇ እየፈጨች፣ "አንድ ዓይን፣ ልጄ። ሌላ ካሳ አልፈልግም" ትለኝ ነበር።

ሥዕሉ ያለቀ ዕለት ሹሙ መጣና ጨርቁን ራሱ ገለጠው። ቅዱሱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ የራሱን ፊት ፍለጋ ጎንበስ አለ። የተሳለለትን ዓይን ቆጠረ።

"ሁለት ነው" አለ።

ጥግ ላይ ቀለም የምትፈጨው እናቴ መጇን አቆመች።

"አዎ፣ ጌታዬ" አልኩ።

"ወንድምህን ማን እንዳሰቀለው አታውቅም?"

"አውቃለሁ፣ ጌታዬ።"

"እኔ እኮ አንዱን ዓይን ትነሳኛለህ ብዬ፣ እጅህን የሚቆርጥ ሰው ይዤ ነው የመጣሁት።"

ወደ በሩ ዞሮ፣ ውጭ የቆመውን ሰው "ሂድ፣ አታስፈልግም" አለው። ከዚያ ሥዕሉ ላይ፣ ከተንበረከከው ምስሉ ጉልበት አጠገብ የቀረችውን ባዶ ቦታ በጣቱ ነካ።

"እዚህ ጋ ራስህን ሳል" አለኝ። "በጎን።"