ያልወለቀው እጅጌ

ቀለም ቀቢው ቀኝ ክንዱን ማንሳት ስላቃተው ሸሚዙን በግራ በኩል ብቻ አውልቆ ተቀመጠ። ሐኪሙ የተራቆተው ትከሻ ላይ በእስክሪብቶ ረጅም መስመር አሰመረ።

“አንዱ መንገድ እንዲህ ከፍቶ የተበጠሰውን ጅማት መስፋት ነው” አለ። ከጎኑ ሦስት ነጥቦች ጨመረ። “ሌላው በነዚህ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ መስፋት ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው። የትኛው ይሻልዎታል?”

ቀቢው ወደ ቀኝ ትከሻው ዞሮ አየ። የታመመው እኮ ያኛው፣ እጅጌው ውስጥ የቀረው ነበር። ግን የተማረን ሰው እንዴት ብሎ “ተሳስተዋል” ይበል? ደግሞስ ራጁን ያዩት እሳቸው አይደሉ? ይሄኛውም ሳያውቀው ተበጥሶ ቢሆንስ?

“እርስዎ እንዳሉ፣ ዶክተር” አለ።

ደህናው ትከሻው ያን ጊዜ ያመው ጀመር።