የማይጠጣው እንግዳ

መክብብ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መቱ ከተማ ውስጥ በሠፈሩ ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና የውሃ በርሜሉ የሚወጣው ከእሱ ግቢ ነው፤ ለቅሶው ሲያበቃም እዚያው ይመለሳል። አንዲት ማንኪያ ጎደለች ማለት ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሰድብ ይውላል። ዘንድሮ ደግሞ የዛገውን በርሜል ጥሎ ከቡሬ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አመጣ። የተለጠፈበትን ወረቀት በቢላዋ ፍቆ፣ ሦስት ጊዜ በኦሞ አሳጥቦ፣ "የእድር ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዘው" እያለ ሲጎርር ሰነበተ።

በሽታው የጀመረው ከአባ ገብረ ሥላሴ ለቅሶ በኋላ ነው። እሳቸው እንኳ በእርጅና ነው የሞቱት። በሦስተኛው ቀን ግን ከለቀስተኛው ስድስት ሰው ታመመ፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል። ከስድስቱ እትዬ ጥሩ ሞቱ። በእሳቸው ለቅሶ ደግሞ አሥራ አንድ ሰው ወደቀ።

ያን ጊዜ ሠፈሩ እርስ በርሱ መፈራራት ጀመረ። የተጨባበጠ ሁሉ እጁን ለመታጠብ ይሮጣል። "ሰው ሠራሽ ነው፤ ሆን ብለው የለቀቁብን ነው" የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ ዞረ። የቀረው ማን እንደለቀቀው ማወቅ ነበር፤ መክብብም ለዚህ ብዙ አልደከመም።

ከሀይደር ሱቅ ጀርባ አንድ አራርሳ የሚባል ሰው ተከራይቷል። "በሽታ አጠናለሁ" ይላል። ነጭ ሣጥን በትከሻው አንጠልጥሎ ከየለቅሶው አይጠፋም፤ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። እህል ውሃ ግን አይቀምስም። ቢለምኑትም ቢቆጡትም ከራሱ ጠርሙስ ይጎነጫል እንጂ የለቅሶ ቤት ጣሳ አይነካም።

"ምን እንዳለበት ስለሚያውቅ ነዋ" አለ መክብብ፣ የራሱን ጠርሙስ እየከፈተ። ሐኪም ለጨጓራው ካዘዘለት ወዲህ ከታሸገ ውሃ በቀር ሌላ አይጠጣም።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ የራሱን ቤት አንኳኳ። አንድያ ልጁ ህሊና የእትዬ ጥሩን ለቀስተኛ እጅ ስታስታጥብ ውላ ታመመች። ሆስፒታል አምስት ቀን ተኝታ ተሻላትና ቤቷ ገባች። መክብብ የሚያደርገውን አጣ፤ በግ አረደ፣ አዲስ አንሶላ አነጠፈ፣ ቧንቧ ጠፍቶ ስለነበር በርሜሉን ከምንጭ አስሞላላት። ይህች ልጅ ከሞተች እሱም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

በማግስቱ አራርሳ ሊጠይቃት መጣ። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል።

"ጋሼ መክብብ፣ ለብቻዎ አንድ ነገር ላናግርዎት ነበር።"

"ከሰው የምደብቀው የለኝም። እዚሁ ተናገር።"

አራርሳ የተቀመጡትን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ አንገቱን ደፋ። የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሊሰጠው ሲል መክብብ እጁን ገፋው።

"ወረቀትህን ያዝ።"

በነጋታው ህሊና እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ረፋድ ላይ ባለባጃጁ ዲንቃ እያለከለከ ደረሰ። ሚስቱ ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት።

"ጋሼ፣ ሰውዬው ሣጥኑን ይዞ የጎሬ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ሊያመልጥ ነው።"

መክብብ ጫማውን እንኳ ሳያስር ዘሎ ገባ። ባጃጁ በረረ፤ ሞተር ሳይክሎች ተከተሉት፤ አንዱ ፌሮ፣ ሌላው ዱላ ይዟል። መክብብ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሰው ካልያዘ ልጁን ሊቀብር ነው። ዳገቱ ላይ ሚኒባሱ ሲያቃስት ደረሱበት። ዲንቃ ቀድሞ መንገዱን ዘጋ።

"ያ በሽታ የሚዘራው ሰው እዚህ አለ" ሲባል ተሳፋሪው ራሱ ገፍትሮ አወረደው። እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። አራርሳ አፉን ሊከፍት ሲል ዲንቃ በቡጢ ዘጋለት።

ሣጥኑ ተከፈተ። በትንንሽ ብልቃጦች የተሞላ ውሃ፣ በየብልቃጡ ላይ ደግሞ የለቅሶው ቤት ስም።

"ይኸው መርዙ" አለ መክብብ። አንድ በአንድ እያነሳ አስፋልቱ ላይ ሰባበራቸው። ደስ አለው፤ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

አራርሳ ተዘርሮ፣ አፉ በደም ተሞልቶ፣ ያችኑ የታጠፈች ወረቀት ዘረጋለት። መክብብ ነጥቆ ኪሱ ወሸቃት። ፖሊስ ሲደርስ ሰውዬው መናገር አልቻለም፤ ጭነው ወሰዱት።

ቀትር ላይ ግቢው በሰው ተጥለቀለቀ። አቧራ የጠጣ፣ ላብ ያጠመቀው ሁሉ መክብብን ትከሻውን እየመታ "ወንድ ነህ" ይለዋል። እሱ ግን ሰውን ትቶ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

"ተይዟል የኔ እናት። ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።"

"ውሃ ጠማኝ አባዬ።"

ለሌላ ሰው አላዘዘም። እንክብሏን መዳፏ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ሄዶ ከበርሜሉ በጣሳ ቀዳ፤ አንገቷን ደግፎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አጠጣት። ከዚያ ጣሳውን ደግሞ ሞልቶ ለዲንቃ ሰጠው፣ ዲንቃም ጠጥቶ ለሌላው አቀበለ። ጣሳው ግቢውን ዞረ።

መክብብ ላቡን ሊጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጁን ኪሱ ሲከት ወረቀቷ መጣች። አሁን ተረጋግቷል፤ ያ ክፉ ምን ብሎ ይሆን ብሎ ዘረጋት።

"ጋሼ መክብብ፣ ልጅዎ ፊት ላሳፍርዎት ስላልደፈርሁ ጻፍሁት፤ የፀረ ተባይ መርዝ ከነበረበት ከሰማያዊው በርሜል ማንም እንዳይጠጣ፣ ከሁሉም በፊት ህሊና።"