ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ውሃ

ሉሊት በሩን ስትከፍት እናቷ ላንድማርክ ሰፈር ባለው አፓርትማቸው ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ በመዳፏ እየቀዳች ጉልበቷን ታሽ ነበር። ሌላ ተመሳሳይ ጠርሙስ ተከፍቶ እግሯ ስር ቆሟል። ሉሊት ጠርሙሶቹ ላይ የለጠፈቻቸውን ቁጥሮች አየች።

«እማዬ፣ ኖ ኖ ኖ! የላብራቶሪ ሳምፕሌ ነው እኮ!»

«ታዲያ ፍሪጅ ውስጥ ምን አስቀመጠው? እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ጠበል ያመጣሽልኝ መስሎኝ!»

ከሁለት ጎረቤታም የባህር ወሽመጦች የተቀዳ ውሃ እንደሆነ ነገረቻት። ውስጡ ፕላንክተን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ የአንዱ ወሽመጥ ከሌላው ጋር በዘር ይዛመድ እንደሆነ በዲኤንኤ ልታጣራ ነው። እያወራች ጠርሙሶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው። ከሁለቱም ግማሽ ያህል ተርፏል፤ ይበቃታል። እፎይ ብላ መሳቅ ጀመረች።

እናቷ ግን አልሳቀችም። ብድግ ብላ እስከ ወጥ ቤት ሄዳ ተመለሰች፤ መጀመሪያ ቀኝ እግሯን፣ ቀጥሎ ግራዋን አጠፍ ዘርጋ አደረገች።

«ከትናንት ጀምሮ ቀኙን ከዚህኛው፣ ግራውን ከዚያኛው ነው ያሸሁት» አለች ኮስተር ብላ። «ቀኙን ሕመሙ ለቆኛል፤ ግራው ያው እንዳለ ነው። በይ ጻፊ፣ አይዛመዱም።»